ባሕር ያልፈተነው ታሪክ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የዛሬውን ጽሑፌን ከአንድ የክፍል ውስጥ ጥያቄ ልጀምር።

ባለፈው የትምህርት ወቅት ስለ ታሪክና ስለ ሥልጣን ግንኙነት ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና «ዶክተር፣ ሁሉም ወገን የራሱን ታሪክ ይጽፋል፤ ሁሉም የራሱን ሐውልት ያቆማል። ታዲያ የትኛው ልክ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ምንጭ ምርመራ፣ ስለ ሰነድ ንጽጽር፣ ስለ ማስረጃ ክብደት እኛ መምህራን የምንለውን ሁሉ አልኩት። ልጁ በትሕትና ራሱን ነቀነቀና «እሱንማ ሁለቱም ወገኖች አድርገናል ይላሉ» ብሎ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁለት። ቤቴ ከገባሁም በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝም። መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከፈላስፎች መጻሕፍት ሳይሆን መጥረቢያ ይዘው መርከብ ከሚጠርቡ ሰዎች ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እነርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብረት ዘንግ የተሠመረ ቅርጽ

ከዓመታት በፊት ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴ በሰሜን አውሮፓ ሳለሁ፣ በአንድ ብርዳማ ቅዳሜ ከኮፐንሃገን በባቡር ተሳፍሬ ሮስኪልድ ወደምትባለው ጥንታዊት የዴንማርክ ከተማ ሄጄ ነበር። እዚያ፣ ወደ የብስ ጠልቆ በገባ የባሕር ክንድ ዳር፣ በ1969 የተከፈተ የቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም አለ። በውስጡ የሚታዩት አምስት መርከቦች በ1070 ገደማ ስኩልዴሌቭ በሚባለው ቦታ አጠገብ ድንጋይ ተሞልተው ሆን ተብለው የሰጠሙ ናቸው። ዓላማውም ጠላት በባሕር መጥቶ ሮስኪልድን እንዳይወርር መተላለፊያውን መዝጋት ነበር።

የአካባቢው ሰዎች ለብዙ ዘመን በውሃው ሥር መርከብ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ያሰጠመችው ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የነገሠችው ንግሥት ማርግሬቴ ናት ብለው ያወሩ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኦላፍ ኦልሰንና ኦሌ ክሩምሊን-ፔደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ውሃ ውስጥ ገብተው ሲመረምሩ አፈ ታሪኩ በዘመን እንደ ተሳሳተ ታወቀ። በ1962 ደግሞ በቦታው ዙሪያ የብረት ግድግዳ ተተክሎ፣ ውሃው ተቀድቶ መርከቦቹ ወጡ። መጀመሪያ የተቆጠሩት ስድስት ነበሩ፤ በኋላ ግን ሁለተኛውና አራተኛው የአንድ ረጅም መርከብ ሁለት ክፍሎች ሆነው ተገኙ። ቁጥሩን እንደ ገና ከማስተካከል ይልቅ እንዳለ ተዉት። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት እየተባሉ ይጠራሉ። አራተኛ የለም። እኔ በበኩሌ ይህን የጎደለ ቁጥር ከብዙ ሐውልት አስበልጬ አከብረዋለሁ፤ ስሕተት በይፋ የተመዘገበበት ነውና።

ይበልጥ ያስገረመኝ የአቀራረባቸው ዘዴ ነው። ከባሕር የወጣው እንጨት ባለበት ቦታ እንጨቱ ይታያል፤ በጠፋበት ቦታ ግን ቀጭን የብረት ዘንግ ብቻ የመርከቡን ቅርጽ ያሰምራል። ጎብኚው የተገኘው የቱ፣ የተገመተው የቱ እንደ ሆነ በዐይኑ ለይቶ ያያል። ከሁሉም ረጅም የሆነው፣ 30 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የጦር መርከብ የተረፈለት ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ሦስት አራተኛው ብረት ነው፤ ማለትም ግምት ነው። የዛፉ ቀለበቶች ሲመረመሩ እንጨቱ በ1042 በአየርላንድ፣ በደብሊን አካባቢ ከበቀለ ኦክ የተቆረጠ መሆኑ ተረጋገጠ። በዴንማርክ ባሕር ሥር የተገኘው ታላቅ የጦር መርከብ የአየርላንድ ደን ልጅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። «የእኛ ብቻ» የሚባል ታሪክ ሲመረመር እንዲህ የሌላውንም እጅ ማሳየቱ የተለመደ ነው።

መርከቧ ለምን ሰጠመች?

ግምትን በብረት ዘንግ ማሳየት አንድ ነገር ነው። ግምትን ሠርቶ፣ ሰው አሳፍሮ፣ ባሕር ላይ መልቀቅ ግን ሌላ ነው። ለተማሪዬ ልነግረው የሚገባኝ የነበረው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

በ1904 በኖርዌይ፣ ቶንስበርግ አጠገብ፣ ኦሰበርግ በተባለ እርሻ ላይ ካለ የመቃብር ጉብታ አንድ እጅግ ያማረ መርከብ ተቆፍሮ ወጣ። በ820 ገደማ የተሠራና በ834 ሁለት ሴቶች የተቀበሩበት ነው። መርከቡ ከጉብታው ክብደት የተነሣ ተሰባብሮ ስለ ነበር ባለሙያዎች ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ገጥመው አቆሙት። ከዚያ በኋላ በየመማሪያ መጽሐፉ፣ በየፖስታ ካርዱ የታተመው ቅርጽ ይኸው የተገጠመው ቅርጽ ነው። ማንም አልተጠራጠረውም።

በ1987 ያንኑ ቅርጽ በታማኝነት የተከተለ አምሳያ ተሠራ። በማግሥቱ ዓመት ሸራው ተዘርግቶ ሲሞከር ውሃው በፊት በኩል ገባና መርከቧ ሰጠመች። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው «ጥንቱንም ለባሕር አልተሠራችም፤ የመኳንንት መዝናኛ ነበረች» ብሎ መገላገል ነው። እንዲህ ያሉ ሊቃውንትም ነበሩ። ሁለተኛው «ምናልባት የተሳሳትነው እኛ እንሆን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዓመታት አልፈው ሁለተኛው ጥያቄ አሸነፈ። የጥንቱ እንጨት እያንዳንዱ ቁራጭ በሌዘር ተለካ፤ ትንንሽ ሞዴሎች ተሠሩ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተከናወነው አገጣጠም ከጉብታው ክብደት የተነሣ የመጣውን መጣመም እንዳለ ተቀብሎ የታችኛውን ቅርጽ እንዳዛባው ታወቀ። በዚህ ዕውቀት ቶንስበርግ ላይ አዲስ አምሳያ ተሠርቶ በ2012 ውሃ ላይ ወረደ። ስሙ «ሳጋ ኦሰበርግ» ይባላል። ይኼኛው በሸራ ነጐደ፤ አልሰጠመም።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ያቺ የሰጠመች መርከብ ባትሠራ ኖሮ፣ በሙዚየም ውስጥ የቆመው የተዛባ ቅርጽ ዛሬም እውነት መስሎ ይኖር ነበር። ባለሙያዎቹ አልዋሹም፤ በቅን ልቡና ተሳሳቱ። ስሕተታቸውን ያጋለጠው ተቺ ሳይሆን ማዕበል ነው። ማዕበል ደግሞ የማንም ወገን አይደለም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ባሕር ግን ያስለቅቃል።

መርከብና ፖለቲካ

እንዲህ ስል ግን ነገሩ ሁሉ ንጹሕ ሳይንስ ነው ማለቴ አይደለም። አምሳያ መርከብ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፖለቲካ ተሳፍሮበታል።

በ1880 በሳንደፊዮርድ አጠገብ የጎክስታድ መርከብ በተገኘ ጊዜ ኖርዌይ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ ነጻነቷን የተቀዳጀችው በ1905 ነው። በ1893 አሜሪካ የኮሎምቦስን 400ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በቺካጎ ታላቅ የዓለም ትርኢት ስታዘጋጅ፣ እስጳኝ የኮሎምቦስን ሦስት መርከቦች አምሳያ ላከች። ኖርዌጂያኑ ደግሞ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው የጎክስታድን መርከብ አምሳያ ሠሩና «ቫይኪንግ» ብለው ሰየሙት። ካፒቴን ማግኑስ አንደርሰን በሚያዝያ መጨረሻ ከበርገን ተነሥቶ አራት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ የኒውፋውንድላንድን ዳርቻ አየ፤ በሐምሌ ቺካጎ ገባ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ «አትላንቲክን ለመሻገር ኮሎምቦስን አልጠበቅንም።» የመንግሥት ባለቤት ያልሆነ ሕዝብ በመርከብ ቋንቋ ተናገረ።

ሆኖም ከዚህ የፖለቲካ ጉዞ ማንም ያላሰበው ዕውቀት ተገኘ። አንደርሰን የመርከቡ አካል በማዕበል ላይ እንደ ሕያው ነገር እንደሚተጣጠፍ፣ የጎኑ ጠርዝ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየተጣመመ እንኳ ውሃ እንደማያስገባ መዘገበ። ስስ የኦክ ሳንቃዎች አንዱ በአንዱ ጠርዝ ላይ ተደርበው በብረት ችንካር መያያዛቸው የድህነት ምልክት ሳይሆን የጥበብ ውጤት መሆኑ በዚህ ታየ። መሻገር እንደሚቻል አሳየ፤ ተሻግረዋል ለማለት ግን ገና ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። እሱም በ1960 ሄልጌና አነ ስቲነ ኢንግስታድ የተባሉ ባልና ሚስት በኒውፋውንድላንድ የቫይኪንጎችን የመኖሪያ ፍርስራሽ ሲያገኙ መጣ። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ እዚያ የተቆረጠ እንጨት የ1021 መሆኑን አረጋግጧል። መቻልን አምሳያ ያሳያል፤ መሆንን ግን ቁፋሮ ነው የሚያረጋግጠው። ሁለቱን ማምታታት የሰነፍ ታሪክ ጸሐፊ ልማድ ነው።

የፖለቲካው ሌላ ገጽታ ግን የሚዘገንን ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ይኸው መርከብ የናዚዎች መፈክር ሆነ። የኖርዌዩ ቪድኩን ክቪስሊንግ ፓርቲ በቦረ ጥንታዊ የመቃብር ጉብታዎች ላይ ሰልፉን ያደርግ ነበር፤ ኤስ ኤስ ከስካንዲኔቪያ ወጣቶችን ሲመለምል በፖስተሮቹ ላይ ቫይኪንግንና መርከቡን ይሥል ነበር፤ አንዱ ክፍለ ጦሩም «ቪኪንግ» ተብሎ ተሰየመ። እነዚህ ሰዎች መርከቡን አላጠኑትም፤ አመለኩት እንጂ። በፖስተር ላይ የተሣለ መርከብ ደግሞ ምንም ቢሆን አይሰጥምም፤ የሰጠሙት ፖስተሩን አይተው የዘመቱት ልጆች ናቸው።

በዚህ ረገድ የ2007ቱ ጉዞ የተሻለ ምሳሌ ይሰጠናል። የሮስኪልድ ባለሙያዎች ያንን የአየርላንድ ኦክ የጦር መርከብ ከ2000 እስከ 2004 ድረስ እንደ ገና ሠሩት። መጋዝ አልተጠቀሙም። ግንዱን በሽብልቅ ፈለጡ፤ ሳንቃውን በመጥረቢያ ጠረቡ፤ የመሣሪያው ጠባሳ በጥንቱ እንጨት ላይ ካለው ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ሠሩ። ስሙንም «የግሌንዳሎክ የባሕር ድንጉላ» አሉት። በሐምሌ 2007 ስልሳ ያህል ሰዎች ተሳፍረው ከሮስኪልድ ተነሡ፤ በኖርዌይ ዳርቻ፣ በኦርክኒ ደሴቶችና በስኮትላንድ ምዕራብ አድርገው ነሐሴ 14 ቀን ደብሊን ገቡ። በሰሜን ባሕር ነፋስ ጠፍቶ መርከቡ በሞተር መርከብ መጎተት ነበረበት። ይህንንም አልሸሸጉም። በ2008 በሌላ አቅጣጫ ዞረው ወደ ዴንማርክ ተመለሱ።

አሁን የስሙን ነገር አስቡት። ግሌንዳሎክ የቅዱስ ኬቪን ገዳም ነው፤ ቫይኪንጎች ደጋግመው የዘረፉት ገዳም። ደብሊን ደግሞ በዚያ ዘመን ከምዕራብ አውሮፓ ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። እነዚያ ውብ መርከቦች የተማረኩ ሰዎችን ጭነው ሄደዋል። መርከቡ ደብሊን በደረሰ ጊዜ የዴንማርክ የባህል ሚኒስትር የነበሩት ብሪያን ሚከልሰን በመርከቡ እንደሚኮሩ፣ በአየርላንድ ሕዝብ ላይ በደረሰው ጉዳት ግን እንደማይኮሩ ተናገሩ። ጋዜጦች ይቅርታ ነው ብለው ዘገቡት። አንዳንዶች «ከሺህ ዓመት በኋላ ምን የሚሉት ይቅርታ ነው?» ብለው ሣቁ። እኔ ግን አልሣቅሁም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እኮራለሁ» እና «አልኮራም» ማለት የቻለ ባለ ሥልጣን ስንት አይታችኋል? በአያቶቹ ሙያ መኩራትና በአያቶቹ ግፍ ማፈር የማይችል ሰው ሁለቱንም አያውቃቸውም።

«ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?»

ይህን ሐሳቤን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው «የጠገበ አገር ጨዋታ ነው» አለኝ። በከፊል እውነት አለው። ሀብት ባይኖር እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። በዚህ ላይ ትርኢት የሚያበዙ፣ በጥንቱ ስም ዘመናዊ መርከብ የሚሠሩም አሉ። በ2012 ኖርዌይ ውስጥ ውሃ ላይ የወረደውና 35 ሜትር የሚረዝመው «ድራከን ሃራልድ ሆርፋግረ» የአንድ የታወቀ ግኝት ግልባጭ አይደለም፤ ከብዙ ምንጮች የተቀናበረ ነው። በ2016 አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ ለመርከብ መሪዎች 400,000 ዶላር ገደማ መክፈል ይጠበቅበታል ተባለና ጉዞው ሊሰናከል ምንም አልቀረውም ነበር። ማዕበል ያልበገረውን መርከብ የመሥሪያ ቤት ደንብ ሊያስቆመው ሲል መታየቱ የእኛን አገር አንባቢ የሚያስደንቅ አይመስለኝም።

ነገር ግን የባልደረባዬ ክርክር አንድ ነገር ይስታል። ይህን ዕውቀት ሀብት አላቆየውም። ድሆች ናቸው ያቆዩት። የሮስኪልድ ባለሙያዎች የጠፋውን ሦስት አራተኛ ለመገመት የቻሉት በኖርዌይና በሌሎችም የሰሜን ዳርቻዎች የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ለሺህ ዓመት ሳንቃ በሳንቃ ላይ እየደረቡ ጀልባ መሥራታቸውን ስላልተዉ ነው። ከበግ ፀጉር ሸራ የፈተሉና የሸመኑ ሴቶች ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጻፈም፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ ፈትል መርከቡ ከወደብ አይወጣም ነበር። ዩኔስኮ በ2021 የአምስቱን ኖርዲክ አገሮች የጀልባ አሠራር ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው ለነገሥታቱ ብሎ አይደለም፤ ለእነዚህ እጆች ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል፤ ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ጥንታዊ ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ ደንገሉ የተቆረጠው ከእኛው ጣና ሐይቅ ነው። «ራ» የተባለችውን ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ያሰሩለት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ጀልባዋ ከሞሮኮ ተነሥታ ሺህዎች ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ተበታተነች። ምክንያቱም በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ የጀልባዋን የኋላ ክፍል ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ በግልጽ እየታየ፣ ጥቅሙ ስላልገባቸው ችላ በማለታቸው ነው። በማግሥቱ ዓመት በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች የተሠራችው «ራ ሁለት» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰች። እንደ ገና ያው ትምህርት፦ መጀመሪያ ሰጠመ፤ ከዚያ ስሕተቱ ታየ፤ ከዚያ ተሻገረ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። የጣና ታንኳ ሠሪ ዛሬም ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ሐይቁን ይሻገራል። ስንቶቻችን ነን እጁን ያየነው? ስንቱስ የዩኒቨርሲቲ ክፍላችን ልኬቱን መዝግቧል? ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ስንሳደብ ኖረን፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ የደረስን ሕዝብ ነን። ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔያችን መድረክ ላይ ስንከራከር እንውላለን፤ ሥልጣኔውን በእጁ የያዘው ሰው ግን ከአዳራሹ ውጭ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ አይደለምን?

ለተማሪዬ

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። የትኛው ታሪክ ልክ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ዛሬ ብትጠይቀኝ እንዲህ እልሃለሁ። ታሪኩን የነገረህን ሰው ሦስት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ከምትነግረኝ ውስጥ የተገኘው የቱ ነው፣ የገመትከው የቱ ነው? ሁለተኛ፣ ተሳስተህ ቢሆን በምን ታውቀዋለህ? ሦስተኛ፣ መርከብህ ውስጥ ታስረው የተጫኑት ሰዎች እነማን ነበሩ? ሦስቱንም ሳይቆጣ የሚመልስልህ ሰው፣ ወገኑ ማንም ይሁን ማን፣ አብረኸው ልትሳፈር ትችላለህ። ከተቆጣ ግን መርከቡ ውሃ አይታ አታውቅም ማለት ነውና ከዳር ቁም።

ይህ መልስ ሁሉንም ጥያቄ እንደማይፈታ አውቃለሁ። የአገር ታሪክ እንደ መርከብ በአንድ ቀን ውሃ ላይ ወርዶ አይፈተንም፤ ማዕበሉም ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ያሰጠመውን ቅርጽ የሠሩትን ሳይሆን የተሳፈሩትን ነው የሚወስደው። ስለዚህ ነው አስቀድሞ፣ ከወደብ ሳይወጡ፣ በትንንሽ ሞዴል መፈተን የሚያስፈልገው። የመማሪያ ክፍል ለዚህ የተሠራ ቦታ ነው። ተማሪዬ በሚቀጥለው ጊዜ እጁን ሲያነሣ ቢያንስ ይህን ልነግረው ተዘጋጅቻለሁ፤ እሱም የማይስማማበት ነገር እንደማያጣ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቸር ይግጠመን።